«ላይፕዚግ ላይ ማንም አላናገረኝም፣ ልመለስ ወይ?»

የዛሬዋ ጠያቂያችን የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት፣ የጻፈችልን ግን ከጀርመን ከላይፕዚግ ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ስሟንም ትቼዋለሁ።

«እትዬ ሰላም ነሽ? ዓምድሽን እማዬ አታመልጣትም፣ እኔም በሷ ስልክ እያየሁ ነው ያደግኩት። ማስተርስ ልማር ላይፕዚግ ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ኦክቶበር 2 ማታ ደረስኩ፣ በማግስቱ ስወጣ ከተማው ጭር ብሎ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ ምን ተፈጠረ ብዬ ደነገጥኩ፣ በዓል ነው አሉ። እሁድም እንደዛው ሆነ። እማዬ የቋጠረችልኝን በሶና ጭኮ እየበላሁ ነው የሰነበትኩት። ክፍሌ በጣም ይቀዘቅዛል፣ በጃኬት ነው የምተኛው። ዶርም ውስጥ ኩሽና የምንጋራ ልጆች አለን፣ አንዳቸውም ከየት መጣሽ፣ በላሽ ወይ ብለው አያውቁም፣ ሃሎ ይሉና ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ። እማዬ ስትደውል ግን ሁሉ ሰላም ነው፣ አሪፍ ነው እላታለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ልጅሽ እንዴት ሆነች እያላት እንዴት ብዬ እያለቀስኩ ነው ልበላት? አንድ ሀበሻ ቴሌግራም ላይ የከተማ ምዝገባ ቀጠሮ ላስይዝልሽ፣ 150 ዩሮና የፓስፖርትሽን ፎቶ ላኪ ብሎኛል። አጎቴ ደሞ ከአሁኑ ስልክ ላኪልኝ እያለ ነው። እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ መመለስ እፈልጋለሁ። ምን ላርግ?»

አይዞሽ እህቴ። ልመለስ ወይ ላልሽው፣ እሱ አሁን የሚወሰን ነገር አይደለም። መመለስ ነውር ሆኖ አይደለም፣ ማንም እንደዛ ብሎ እንዳያስፈራራሽ። ግን ደብዳቤሽን ሳነበው የታየኝ ሆዷ ያልሞላ፣ የበረዳት፣ እንቅልፍ ያጣች ልጅ ናት፣ ናፍቆት ከመሰለሽ ነገር ውስጥ ግማሹ ርሃብና ብርድ ነው ወላሂ። እሱን መጀመሪያ እናስተካክለውና ከዛ በኋላም መመለስ ከፈለግሽ ያኔ እናወራለን።

ከብርዱ ልጀምር፣ ምክንያቱም የዛሬ ማታውን እንቅልፍሽን የሚቀይረው እሱ ነው። መስኮትሽ ስር ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነጭ ብረት አለ አይደል? ጎኑ ላይ የሚዞር እጀታ አለው፣ ከ1 እስከ 5 ተጽፎበታል። አሁኑኑ ተነሺና እይው። የበረዶ ኮከብ የምትመስለው ምልክት ላይ ከሆነ ክፍሉን እያሞቀው አይደለም፣ ያቺ ምልክት ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ እንዳይሆን ብቻ ነው የምትጠብቀው። 3 ላይ አዙሪውና ጠብቂ፣ 3 ማለት ክፍሉ ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ቀጥ ይላል ማለት ነው። ቶሎ ይሙቅልኝ ብለሽ 5 ላይ አታርጊው፣ ፍጥነቱ ያው ነው፣ ብቻ ማቆሚያ ያጣል። ድሬ ያደገ ሰው ቬንትሌተር እንጂ ማሞቂያ የት ያውቃል፣ እኔም ስሄድ ያሳየኝ ሰው ባይኖር መብራት ማብሪያ ነው ብዬ ማለፌ አይቀርም ነበር። 3 ላይ አርገሽው ብረቱ ካልሞቀ ተበላሽቷል፣ ለዶርሙ ሃውስማይስተር (የሕንፃው ጠባቂና ጠጋኝ በይው) ኢሜይል ጻፊለት፣ ሥራው ነው ይመጣል። አንድ ነገር ደሞ፣ ጠዋትና ማታ ማሞቂያውን ዘግተሽ መስኮቱን ወለል አርገሽ ለ5 ደቂቃ አናፍሺው። ብርድ ፈርተሽ ዘግተሽው ከከረምሽ፣ በዛ ላይ እርጥብ ልብስ ክፍልሽ ውስጥ ካሰጣሽ፣ ግድግዳው ይሻግታል፣ ስትለቂ ደሞ በሻጋታው ከዶርሙ ጋር መጨቃጨቅ ይመጣል።

ምግቡ ቀላል ነው። ኦክቶበር 3 ምስራቅና ምዕራብ ጀርመን በ1990 የተዋሃዱበት ቀን ነው፣ ሀገር ሙሉ ዝግ ነው፣ አንቺ እድልሽ ሆኖ ዋዜማው ላይ ገባሽ። እሁድ ግን ሁሌም ዝግ ነው፣ በሕግ ነው፣ ስለዚ ቅዳሜን እንደ ዓረፋ ዋዜማ ከፊራ ገበያ ቁጠሪው፣ የሁለት ቀኑን አንዴ ግዢ። ከረሳሽ በትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ እሁድም የሚከፍቱ ሱቆች አሉ፣ የላይፕዚግ ጣቢያ ደሞ በአውሮፓ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ የኛን ምድር ባቡር በልብሽ ይዘሽ ገብተሽ መጀመሪያ አንገትሽን ቀና አርገሽ ጣሪያውን ማየትሽ አይቀርም። ምሳ ሜንዛ ብዪ፣ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ነው፣ በተማሪ ካርድ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰው ተሰልፎ ትሪ ይዞ የሚቀመጥበት ስለሆነም ብቻሽን ስትበይ ዞሮ የሚያይሽ የለም። አይዘንባንሽትራሰ የሚባል ሰፈር ደሞ ሂጂ፣ የዓረብና የቱርክ ሱቅ ሞልቷል፣ ሐላል ሥጋ፣ ሄል፣ ድንብላል፣ ለሳምቡሳ የሚሆን ስስ ሊጥ ሳይቀር ታገኛለሽ። ሳምቡሳው ለሌላ ነገር ይጠቅመናል፣ እመለስበታለሁ። ውሃ አትግዢ፣ የቧንቧው ይጠጣል። ከገዛሽ ግን ጠርሙሱን እንዳትጥዪው፣ ፕላስቲኩ ላይ 25 ሳንቲም ቀድሞ ተይዞብሻል፣ ሱፐርማርኬት መግቢያ ላይ ያለው ማሽን ውስጥ ስትከቺው ይመልስልሻል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማንም አላናገረኝም ያልሽው።

ድሬ ላይ አዲስ ሰው ሰፈር ሲገባ ዕቃው ከጋሪ ሳይወርድ ሻሂ ይደርሰዋል፣ የማን ልጅ ነህ ይባላል፣ ፍራሹን የሚሸከምለት ሳይጠራ ይመጣል፣ ማታ ደሞ የበላው ምን እንደሆነ ሳይቀር ጎረቤት ያውቃል። አንቺ በዛ ነው ያደግሽው፣ ተቸገርኩ ብለሽ መናገር አያስፈልግሽም ነበር፣ እንደውም መናገሩ ራሱ ነውር ነው፣ ፊትሽን አይቶ ያልገባው ሰው ነው የሚታማው። እዛ ደሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሰው ሳይጠራ መምጣት፣ ሳይጠየቅ የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት ነው እንደ ብልግና የሚታየው። ኩሽና ውስጥ ሃሎ ብሎሽ ስልኩን የሚያየው ልጅ ባንቺ ቤት ንቆኛል ነው፣ በሱ ቤት ደሞ ነፃነቷን አከበርኩላት ነው፣ ምንም ስላላልሽው ደህና ናት ብሎ ደምድሟል። ዘረኛ የለም እያልኩሽ አይደለም፣ አለ፣ ሲገጥምሽም ታውቂዋለሽ፣ ያኔ ዝም ብለሽ አትዋጪው፣ ለዩኒቨርሲቲው ተናገሪ። ግን ዝምታን ሁሉ ከዛ ጋር ካዳበልሽው አንድ ጓደኛ ሳታፈሪ ሴሚስተሩ ያልቅብሻል።

ስለዚ ጠይቂ አቦ። እዛ ሀገር ሳትጠይቂ የሚመጣልሽ ምንም ነገር የለም፣ ከጠየቅሽ ግን እንቢ የሚልሽ ብዙ አይደለም። አጠያየቁ ግን የራሱ ዘዴ አለው። «ተቸግሬያለሁ» ካልሻቸው ግራ ይገባቸዋል፣ አዝነው ቆመው ያዩሻል እንጂ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። ትንሽ፣ ልክ ያለው፣ መልስ ያለው ነገር ነው የሚጠየቀው። የልብስ ማጠቢያው ማሽን በሳንቲም ነው በካርድ? ይሄ ቆሻሻ በየትኛው ቀለም በርሜል ነው የሚጣለው? ይሄ ደብዳቤ ምን ይላል? አንዱን በር አንኳኪና ይሄን ብቻ ጠይቂ። ወርዶ ማሽኑን ያሳይሻል፣ ሳሙናው የት እንደሚገባ ይነግርሻል፣ በቆሻሻው ጉዳይማ ሌክቸር ነው የሚሰጥሽ፣ ለቆሻሻ ያላቸው ፍቅር ሌላ ነው። በሚቀጥለው ቀን ኩሽና ውስጥ ስትገናኙ ከሃሎው በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል። እንደዛ ነው የሚጀመረው፣ ቀስ ይላል፣ እንደኛ በአንድ ቀን በርጫ የእድሜ ልክ ወዳጅ አይኮንም።

ሳምቡሳ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እሁድ ከሰዓት ሱቅ ዝግ ነው፣ ሁሉም ቤት ነው፣ ያኔ ጥበሺና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ፣ አጠገቡ ወረቀት ላይ «ብሉ፣ ከ3ኛው ክፍል» ብለሽ ጻፊ፣ ሥጋ ይኑረው አይኑረው መጻፍ አትርሺ፣ ሥጋ የማይበላ ብዙ ነው። ሽታው ራሱ በር ያስከፍታል። ብሉልኝ እያልሽ ግን አታጉርሺ፣ በሞቴ ምናምን እዛ አይሰራም፣ አልፈልግም ካለ አልፈልግም ማለቱ ነው፣ አትቀየሚው። ልትጋብዣቸው ከፈለግሽም ዛሬ ማታ ኑ አትበይ፣ ሐሙስ በ19 ሰዓት በያቸው፣ ስልካቸው ላይ ይጽፉታል፣ ከጻፉት ደሞ 19 ሰዓት ላይ በርሽ ላይ ናቸው።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ ቀጠሮ ስትይዢ ተጠንቀቂ፣ ስልክሽን በሀበሻ ሰዓት ሞልተሽው ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሪው። እነሱ 9 ሲሉ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ 14፡30 ካሉሽ የኛ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ክላስ ግን 9 ሲ.ቲ. ተብሎ ከተጻፈ 9 ከሩብ ላይ ነው የሚጀመረው፣ ኤስ.ቲ. ካለ ድፍን 9 ላይ ነው። ይሄን ሳያውቁ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚቁነጠነጡ ብዙ ናቸው።

የወረቀቱን ነገር አሁን ተረጋግተሽ ስሚኝ፣ ምክንያቱም ቀኑ እየሄደብሽ ነው። አንሜልዱንግ የሚሉት የአድራሻ ምዝገባ ቤት ከገባሽ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው መደረግ ያለበት፣ ኦክቶበር 2 ከገባሽ ቁጠሪው። ቀጠሮው በከተማው አስተዳደር ድረገጽ ላይ በነፃ ነው የሚያዘው፣ ነፃ። ያ የቴሌግራም ሰውዬ አንቺ ስልክሽ ላይ ደቂቃ የማይፈጅብሽን ነገር ነው በ150 ዩሮ የሚሸጥልሽ፣ እሱም ከሸጠልሽ ነው። የፓስፖርትሽን ፎቶ ደሞ በምንም ተዓምር እንዳትልኪለት፣ በፓስፖርትሽ ምን እንደሚያደርግበት አታውቂም፣ ሀበሻ ነው ብለሽ ልብሽ እንዳይራራ፣ እዛ ያለው ሀበሻ አብዛኛው ደግ ነው፣ ደጉ ሀበሻ ግን ሊንኩን ይልክልሻል እንጂ ዋጋ አይነግርሽም። የቅርብ ቀን ካጣሽ ያለውን ያዢ፣ ቀጠሮ የያዝሽበትን ኢሜይል ደሞ አስቀምጪው፣ በጊዜው ሞክሬ ነበር ለማለት ማስረጃሽ ነው። ስትሄጂ ፓስፖርትሽንና ቤት አከራዩ የሚሞላልሽን ወረቀት ያዢ፣ አንቺ ዶርም ስለሆንሽ ቢሯቸው ሄደሽ ስትጠይቂ ይሰጡሻል። ያለዚህ ምዝገባ ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም፣ የባንኩም፣ የታክስ ቁጥርሽም፣ የመኖሪያ ካርዱም። ቪዛሽ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን አሁኑኑ አውጪና እይ፣ ያ ቀን ከማለፉ በፊት ለውጭ ዜጎች ቢሮ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብሽ፣ እዛ ቢሮ ቀጠሮ ስለሚቆይ ምዝገባሽ ባለቀ ማግስት ጀምሪው።

ስምሽን በተመለከተ፣ ሁሉም ቦታ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፊ፣ የአያት ስም የሚለውም ፓስፖርቱ እንዳስቀመጠው ይሁን፣ አንዱ ቦታ በአባትሽ ሌላው ቦታ በአያትሽ ከተመዘገብሽ ሁለት ሰው ሆነሽ ቁጭ ትያለሽ። ደብዳቤ ሲመጣልሽ ፍራው ብለው የአያትሽን ስም ሊጽፉብሽ ይችላሉ፣ ሽማግሌው መቃብር ሆነው ወይዘሮ ተባሉ ማለት ነው፣ ምን ይደረጋል። ይሄ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ደሞ አለ፣ እሱን ብዙ ሰው አይነግርሽም። ጀርመን ሁሉ ነገር በፖስታ ነው የሚላከው፣ የባንክ ካርዱ፣ የሚስጥር ቁጥሩ፣ የታክስ ቁጥሩ፣ ኢንሹራንሱ። ፖስተኛው ደሞ ስም ነው የሚያነበው፣ ዶርሙ መግቢያ ላይ ባለው የፖስታ ሳጥን ላይ ስምሽ ካልተለጠፈ ፖስታውን ይዞ ይመለሳል። እኛ ሀገር ቤት ድረስ ፖስታ መጥቶ ስለማያውቅ ሳጥኑን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ዛሬ ውረጂና እይ፣ የቀድሞዋ ልጅ ስም ካለ አንሺው፣ ያንቺን እንደ ፓስፖርትሽ አርገሽ ለጥፊ። ከተመዘገብሽ በኋላ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ የሚል ደብዳቤም ይመጣል፣ 18.36 ዩሮ በወር፣ ቲቪ የለኝም ብለሽ እንዳትጥዪው፣ ማጭበርበርም አይደለም፣ መዋጮው በቤት ስለሆነ ጎረቤቶችሽን ማን እንደሚከፍል ጠይቂያቸው፣ ይኸው ሌላ የምታንኳኪበት በር።

ትምህርቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ኮርስ መመዝገብና ፈተና መመዝገብ ብዙ ቦታ የተለያዩ ናቸው፣ ሴሚስተር ሙሉ ተምሮ ፈተናው ላይ ስምሽ የለም የሚባል ሰው አለ። የፈተና ምዝገባው መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ከአሁኑ ለፋካልቲሽ ቢሮ ኢሜይል ጻፊ።

አሁን ስለ እማዬ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ለኔ ለማታውቂኝ ሴትዮ የጻፍሽውን ለእናትሽ ደብቀሻል። ገብቶኛል፣ ሳቢያን ላይ ልጇ አውሮፓ የገባችላት እናት ምን እንደምትሆን አውቃለሁ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ስምሽ ይነሳል፣ እሷም ደህና ናት አልሐምዱሊላህ እያለች ነው የሚመሽላት። ግን አሪፍ ነው ባልሽ ቁጥር እሷም የምትጠይቅሽ ነገር እያነሰ ነው የሚሄደው፣ አንቺ ደሞ ማንም አልጠየቀኝም እያልሽ ነው የምታለቅሺው፣ ጎረቤቶችሽን ዝም ያሰኘሽበትን ዘዴ እናትሽም ላይ እየሞከርሽው ነው። ሁሉንም አትዘርግፊባት፣ እሩቅ ናት፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። ልክ ያለውን ንገሪያት። «እማዬ ብርዱ ከብዶኝ ነበር፣ ማሞቂያውን አሁን አወቅኩት። ሰው እስካሁን አለመድኩም፣ ይከፋኛል፣ አንዳንዴም አለቅሳለሁ። ትምህርቱን ግን ጀምሬያለሁ።» በቃ። ከዛ ሳምቡሳው ውስጥ የምታረጊውን ቅመም ጠይቂያት፣ ብታውቂውም ጠይቂያት፣ ቪዲዮውን ከፍተሽ ሽንኩርቱን ስትከትፊ እሷ ከዛ ማዶ ሆና «አይ፣ ከዛ በላይ ይድቀቅ» ትበልሽ። እናት የምትረጋጋው ሥራ ሲሰጣት ነው፣ ደህና ነኝ ስትባል አይደለም። ስትደዋወሉ ደሞ የሰዓቱን ልዩነት ንገሪያት፣ አሁን በአንድ ሰዓት ነው የምትቀድሙን፣ አይ ተሳሳትኩ፣ እኛ ነን የምንቀድማችሁ፣ ኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ላይ ግን ሰዓታችሁን ወደ ኋላ ስለሚመልሱት ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። እማዬ ከፈጅር በኋላ ቁጭ ብላ 12 ሰዓት ላይ ስትደውልልሽ ላንቺ ገና ሌሊት 10 ሰዓት ነው።

ጨለማውን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ በኋላ ምን ሆንኩ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ታህሳስ ላይ ላይፕዚግ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት በኛ 2 ሰዓት አልፎ ነው፣ የምትጠልቀው ደሞ ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ብዙ ቀን ደሞ ጭራሽ አትታይም። የድሬ ሰው ፀሐይ እንደሚናፍቅ አያውቅም፣ ስንሸሻት ነው የኖርነው። ቀን ላይ ብርሃን ባለ ሰዓት ውጪ፣ ደመናም ቢሆን ተራመጂ። እንቅልፉ ከጠፋ፣ መብላት ካስጠላሽ፣ ለቅሶው ለሳምንታት ካልተወሽ ደሞ ለተማሪዎች የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ምክር ጠይቂ፣ በነፃ ነው፣ በእንግሊዝኛም ይገኛል፣ እብድ ናት የሚልሽ የለም፣ እዛ ጥርስ እንደመታየት ነው የሚቆጠረው።

አጎትሽ ቀረ። አጎትሽን በሒሳብ አስረጂው። ብሎክድ አካውንት (በየወሩ ቆጥሮ ብቻ የሚለቅልሽ ዝግ ሂሳብ) ውስጥ ያስገባሽው ብር የዓመት 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር 992 ነው የሚለቁልሽ፣ ከዛ ላይ ኪራይሽን ቀንሺ፣ ከ130 ዩሮ በላይ የሚሄደውን የጤና ኢንሹራንስ ቀንሺ፣ ምግቡን፣ ስልኩን፣ የክረምት ጫማውን ቀንሺ። ሥራ እሰራለሁ ብትዪም ለተማሪ የተፈቀደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይ 280 ግማሽ ቀን ነው፣ ዝቅተኛው ደሞዝ ከ2026 ጀምሮ በሰዓት 13.90 ዩሮ ነው፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ግን ቋንቋውን ሳትይዢ ብዙ ሰዓት ባትጀምሪ ይሻልሻል። ይሄን ሁሉ በቮይስ አትላኪለት፣ ቮይስ ላይ ድምፅሽ ይለሰልስና «እሺ እስቲ አያለሁ» ብለሽ ትጨርሺዋለሽ። ጻፊለት፣ ቁጥር በቁጥር፣ መጨረሻ ላይ «አጎቴ፣ ይሄው ነው ያለኝ» በይው። ይቀየማል። እናትሽ ጋ ሄዶም ያማሻል፣ እሷ ግን እውነቱን ካወቀች መልስ አታጣም።